ለአሥራ አንድ የማይካፈል በሬ

እኔና የልጄ አባት የተፋታነው በጳጉሜ ነው። ወሩን የመረጠልን ፍርድ ቤቱ ነው። ወሬውን የሰማ ሁሉ ግን እኔ አስቤበት ያደረግኩት ይመስል «በአዲስ ዓመት አዲስ ሕይወት ልትጀምሪ ነዋ» እያለ አጽናናኝ። ደህና ጥያቄ የጠየቀችኝ እናቴ ብቻ ናት። ከጎፋ ደወለች፣ ነገሩን እስክጨርስ ሰማችኝና «እሺ፣ ለበዓል እንዴት ልትሆኑ ነው?» አለችኝ። እናቴ ሰማይ ቢደፋ መጀመሪያ የምትጨነቀው ለበዓል ስለሆነ ስቄ አለፍኩት።

ንብረት መካፈሉ ከፈራነው ይልቅ በሰላም አለቀ። ፍሪጁ ለእኔ፣ ቴሌቪዥኑ ለእሱ ሆነ። ኤል ቅርጽ ያለው ሶፋችን እንኳ መሐሉ ላይ የሚላቀቅ ሆኖ ተገኘ፤ ስንገዛው ሻጩ ይህንኑ እንደ ትልቅ ጥቅም ሲያስረዳን ነበር፣ ያኔ ልብ አላልነውም። ጀሞ ያለው ኮንዶሚኒየም ለእኔና ለልጃችን ቀረ። እሱ ከልጁ መራቅ አልፈለገም፤ ርቆ ርቆ ከፊት ለፊታችን ባለው ብሎክ ምድር ላይ አንድ ስቱዲዮ ተከራየ። ጠዋት መስኮት ስከፍት ካልሲው ገመድ ላይ ተሰጥቶ አየዋለሁ። በትዳር ዘመናችን ካልሲ ሲያጥብ አይቼው ስለማላውቅ፣ ፍቺው ቢያንስ ለአንዳችን እንደጠቀመ ገባኝ።

ለምን እንደተፋታን የጠየቀኝን ሰው ሁሉ ቅር አሰኝቻለሁ። ሰው የሚያውቀው ሦስት ምክንያት ነው፦ መጠጥ፣ ዱላ፣ ሌላ ሴት። የእኛ ከሦስቱም አልነበረም። በቃ ተሰላቸን። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ከኖርን በኋላ፣ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠን የየራሳችንን ስልክ ስንነካካ ቆይተን፣ አንድ ቀን ቀና ስንል የምንነጋገረው ነገር አጣን። «ጠጪ ነበር» ብል ኖሮ ጎረቤቱ ከንፈሩን መጥጦልኝ ይገላገል ነበር። «ተሰላቸን» ስል ግን ሁሉም የራሱን ባል ወይም ሚስት በጎን ገልመጥ ያደርጋል፤ ከዚያ በኋላ ወሬው አይጥምም።

ዳኛዋ ስለ ቤቱ፣ ስለ ዕቃው፣ ስለ ልጅቷ ጠይቃናለች። ያልጠየቀችን ስለ ቅርጫ ነው። ሽማግሌዎቹም አላነሡትም። እኛም ረሳነው።

የብሎካችን ቅርጫ አሥር ቤት ነው። በየበዓሉ አሥሩ ቤት አዋጥቶ አንድ በሬ ይገዛል። በማለዳ ከብሎኩ ጀርባ ባለው የጋራ ቤት ይታረድና ሥጋው ሸራ ላይ አሥር ቦታ ይመደባል። ሰው መርጦ እንዳያነሣ ዕጣ ይጣላል። እያንዳንዱ ቤት አንዳች ነገር፣ ቆርኪም ይሁን ጠጠር፣ ባርኔጣ ውስጥ ይጥላል፤ የቱ የማን እንደሆነ ያላየ ሰው ደግሞ አንድ አንዱን እያነሣ በየመደቡ ላይ ያኖራል። የኛን ዕጣ የሚጥሉልን ሐጂ ናቸው። ከስልጤ አገር የመጡ፣ ከብሎኩ ሥር ሱቅ ያላቸው ሽማግሌ ሲሆኑ፣ የክርስቲያን ሥጋ ስለማይበሉ ማንም አያማቸውም። ባርኔጣው ሲዞር ፊታቸውን ወደ ግድግዳ መልሰው ይቆማሉ። «እኔ ከዚህ ውስጥ አንዲት ጅማት አትደርሰኝም፤ ከእኔ የተሻለ ዳኛ አታገኙም» ይላሉ በየበዓሉ። እውነታቸውን ነው።

ድሮ ለቅርጫው የሚወርደው የልጄ አባት ነበር፤ እኔ ላይ ሆኜ ድስት እጥዳለሁ። የእንቁጣጣሽ ዕለት ማለዳ ግን ሁለታችንም ወረድንና የጋራ ቤቱ በር ላይ ተገጣጠምን። እኔ መካኒሳ ካለችው ፎቶ ኮፒ ቤቴ ያመጣሁትን አንድ አግራፍ ይዣለሁ። እሱ አንድ ያረጀ ሲም ካርድ ይዟል። ሁለታችንም ባርኔጣው ውስጥ ልንጥል እጃችንን ስንዘረጋ ሻምበል አዩን። ሻምበል የቅርጫው ሰብሳቢ ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፣ መውጣታቸውን ግን ገና አልተቀበሉትም።

«ከአንድ ቤት ሁለት ዕጣ?» አሉ።

«ሁለት ቤት ሆነናል፣ ሻምበል» አልኳቸው።

«እሱንማ ሰምተናል። ቅርጫው ግን አሥር ቤት ነው። በሬ ለአሥራ አንድ አይካፈልም። አራት እግር ብቻ ነው ያለው።»

አራት እግር ለአሥርም እንደማይካፈል የሚነግራቸው ሰው አልተገኘም። እኔም በበዓል ማለዳ ከሻምበል ጋር ሂሳብ መሥራት አልፈለግኩም። እሳቸው ጥቂት አሰቡና «ለዛሬ በአንድ ዕጣ ውሰዱና ቤታችሁ ገብታችሁ ተካፈሉ» ብለው ፈረዱ።

«የትኛው ቤታችን?» አልኩ።

ሻምበል እንደገና አሰቡ። በመጨረሻ እዚያው ሸራው ላይ፣ ሰው ፊት እንድንካፈል ተወሰነ።

እናም በአዲስ ዓመት ማለዳ ቀሚሴን ሰብስቤ፣ በሕግ ከተፋታሁት ሰው ጋር አንድ መደብ ሥጋ መሐላችን አድርገን ቁጢጥ አልን። ተጋብተን ሳለ እንዲህ ፊት ለፊት ተቀምጠን አንድ ሥራ የሠራንበትን ቀን አላስታውስም። እሱ ዳቢቱን ወደ እኔ ገፋው። የታዘነልኝ መሰለኝና መለስኩለት። እሱ ጨጓራ ይወዳል፣ እኔ ማጠቡ ይሰለቸኛል፤ ጨጓራውን በሙሉ ሰጠሁት። እሱ በፋንታው ሽንጡን ላከልኝ። «አንቺ ውሰጂ» ይላል። «ልጅህ አንተ ጋ አትበላም እንዴ፤ አንተ ውሰድ» እላለሁ። ድምፃችን ከፍ እያለ ሄደ። ከሩቅ ያየን ሰው በአጥንት የተጣላን ይመስለዋል። የተጣላነው በመስጠት ነው፤ ሁለታችንም ብዙ የወሰደ ተሸናፊ ነው ብለን ስላመንን።

ወደ ቤት ስመለስ ልጄ መስኮቱ ጋ ቆማ አገኘኋት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ በዚያ ዕድሜ ወላጅ በሕይወት መኖሩ ራሱ ያሳፍራል። «ማሚ በናትሽ፣ ብሎኩ ሁሉ እናንተን ነው የሚያየው። ሼም ነው» አለችኝ። ከዚያ ምሳ ከእኔ ጋር በላች፣ መክሰስ ደግሞ አባቷ ጋ ሄዳ በላች። ስትመለስ ሆዷን ይዛ «ፍቺው የጎዳው እኔን ነው» አለች።

ዓመቱ በዚሁ መልኩ ቀጠለ። ሱቄ የነበረችበት መስመር ለመንገድ ተፈለገና የፎቶ ኮፒ ማሽኔን በጋሪ አስጭኜ ጀሞ ውስጥ ወደምትገኝ አንዲት ጠባብ ክፍል ገባሁ። የዓይን መነጽር ማድረግ ጀመርኩ፤ በመነጽሩ መጀመሪያ አጥርቼ ያየሁት የራሴን ሽበት ነው። ሰዎች የፍቺ ወረቀታቸውን ሊያስባዙ ሲመጡ ፊቴን ኮስተር አድርጌ አባዛላቸዋለሁ። አንዷ አንድ ቀን «ይቅርታ፣ ሁለተኛውን ገጽ አታንቢው» አለችኝ። «እኔ ራሴ አንድ አለኝ» ስላት ተቀምጣ ግማሽ ቀን አወራችኝ። ለዚህ ዓይነቱ አገልግሎት ሂሳብ አላወጣሁለትም።

ከገና በፊት በነበረው እሑድ ሻምበል ስብሰባ ጠሩ። አጀንዳው እኛ ነበርን፤ ይሉኝታ ስለያዛቸው ግን «ልዩ ልዩ ጉዳዮች» አሉት። ክርክሩ ቀላል ነው። ወንዶቹ እሱ መሥራች አባል ነው፣ በሬውን የሚመርጠውም የሚጥለውም እሱ ነው አሉ። ሴቶቹ ቅርጫ የቤት ነው፣ ቤቱ ደግሞ እሷ ጋ ነው አሉ። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ነርስ፣ ሁላችንም ሲስተር የምንላት፣ ባሏ የሞተባት ናት፤ ባሏ ሲሞት ቦታው ያለ ጥያቄ ለእሷ አልፏል። ይህን አንሥቼ ጠየቅኩ።

«እሱ ሌላ ነው» አሉ ሻምበል። «ለሞት ደንብ አለን። ለፍቺ ግን ደንብ የለንም።»

«ታዲያ እስኪሞት ልጠብቅ?» አልኳቸው።

የልጄ አባት ከወዲያኛው ጥግ ተቀምጦ ነበር። «እኔ እንኳ ለጊዜው ደህና ነኝ» አለ።

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቄ መጣብኝና ጫማዬን የማስር መስዬ ጎንበስ አልኩ። ይህ ሰው ካሳቀኝ ዓመታት አልፈው ነበር፤ እንዲህ ያለ ቀልድ እያለው ያን ሁሉ ጊዜ ሶፋው ላይ ምን ሲያደርግበት እንደነበር አላውቅም።

ለገናም ሸራው ላይ ቁጢጥ ብለን ተካፈልን። በሁለተኛው ጊዜ ፈጠንን፤ ጨጓራና ቅልጥም ለእሱ፣ ዳቢትና ሽንጥ ለእኔ፣ ጉበት እኩል። ስንጨርስ ሻምበል ጠሩንና «ይህ ነገር በየበዓሉ ሊደገም አይችልም። እስከ ፋሲካ ተነጋገሩና አንዳችሁ ውጡ» አሉን። ውሳኔው ለእኛው በመሰጠቱ ሁሉም ተደሰተ። እንግዲህ ተነጋግረን መስማማት የምንችል ብንሆን ኖሮ መጀመሪያውኑ አንፋታም ነበር፤ ይህን ያሰበ የለም።

ሥጋ ፈልጌ አልነበረም የምሟገተው። ጀሞ ውስጥ ከሉካንዳ ሌላ ምን አለ? ያንገበገበኝ መጠራቱ ነው። በበዓል ማለዳ ሻምበል ደረጃው ሥር ቆመው አሥሩን ቤት ሲጠሩ፣ የእኔን በር ዘለው ቢያልፉ፣ ከዚያ በኋላ እዚያ ብሎክ ውስጥ የምኖር ሴትዮ እንጂ ቤት ያለኝ ሰው አልሆንም። ባል የሌላት ሴት ቤቷ ቤት ይባላል ወይ የሚለውን ጥያቄ ማንም ፊት ለፊት አልጠየቀኝም፤ መልሱን ግን ሁሉም ከቅርጫው ይጠብቅ ነበር። እኔም ጭምር። ስለዚህ አልወጣም አልኩ። እሱ ምን እንዳለ አላውቅም፤ አልጠየቅኩትም።

ሁዳዴ ሙሉውን አልተነጋገርንም። ማለቴ፣ ስለ ሌላው ሁሉ ተነጋግረናል፤ ስለ ልጅቷ ፈተና፣ ስለ ውኃው ፈረቃ፣ ስለ ካልሲው ሳይቀር። አንድ ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ ከኋላዬ ቆሞ «ስለዚያ ስለ ቅርጫው…» ብሎ ጀመረ።

«እ?» አልኩ ሳልዞር።

«አይ፣ ምንም።»

ታክሲው መጣና ገባሁ። ሊወጣ እንደወሰነና መንገሩ እንዳሳፈረው ገመትኩ፤ አዘንኩለትም፣ ደስም አለኝ። ኋላ እንደተረዳሁት እሱም «እ?» ያልኩበት ድምፅ የተሸናፊ መስሎት እኔ ከቅርጫው ልወጣ ነው ብሎ አምኖ ተቀምጧል። ስለዚህ ለፋሲካ ሁለታችንም ሙሉ መዋጮ ከፈልን። ሂሳብ የሚሰበስበው የሁለተኛ ፎቁ መምህር ስልኩ ላይ የአሥራ አንድ ቤት ገንዘብ ሲገባለት ነገሩ ገርሞታል፤ ነገር ግን የተፋቱ ሰዎችን ምን ብሎ ይጠይቃል? ሻምበል ፈቅደው ነው ብሎ ተወውና በገንዘቡ ልክ ወፍራም በሬ ተገዛ። ሻምበል ደግሞ መምህሩ አንዳች ስላላለ ነገሩ በውስጥ አልቋል ብለው አረፉ። አገራችን ውስጥ ብዙ ነገር የሚፈጸመው እንዲህ ነው፤ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይጠይቅም።

የፋሲካ ማለዳ ስወርድ እሱ በሬው ከታሰረበት ቦታ ከወንዶቹ ጋር ነበር። ሊያግዝ የመጣ መሰለኝ። እሱም እኔን ሲያይ ለመሰናበት የመጣሁ ሳይመስለው አልቀረም፤ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም አለኝ። በሬው ታረደ፣ ተገፈፈ። «ዘንድሮስ በሬው ደህና ነው» ተባለ፤ ለምን ደህና እንደሆነ የሚያውቀው መምህሩ ብቻ ነበር። አራጁ ሻምበል እንዳዘዙት ሥጋውን አሥር ቦታ መደበው። ባርኔጣው ዞረ፤ እሱ ከወንዶቹ፣ እኔ ከሴቶቹ መሐል ስለነበርን አንዳችን ሌላው ሲጥል አላየንም። ሌላ ጊዜ ሻምበል እያንዳንዱን ዕጣ ቆመው ያያሉ፤ ያን ቀን ግን በቆዳው ምክንያት ከአራጁ ጋር እየተጨቃጨቁ ስለነበር ክርክራቸውን ሳያቋርጡ የኮታቸውን ቁልፍ ፈልቅቀው ጣሉና ፊታቸውን መለሱ።

ሐጂ ከግድግዳው ዞሩ። ባርኔጣውን ተቀብለው እንደ ልማዳቸው ዝግ ብለው ሸራውን ይዞሩ ጀመር። ቆርኪ አንዱ መደብ ላይ፣ ክብሪት እንጨት ሌላው ላይ። የእኔ አግራፍ ከመሐል ያለው መደብ ላይ ሲያርፍ ልቤ ተመለሰ። ሁለት መደብ አለፍ ብሎ አንድ ሲም ካርድ ተቀመጠ። ቀና ስል እሱም ቀና ብሎ አግራፉን እያየ ነበር። ሐጂ አሥረኛውን መደብ ሞሉና ባርኔጣውን ሊመልሱ ሲሉ ውስጡን አዩ፤ እጃቸውን ሰደዱ፤ የወታደር ኮት ቁልፍ ይዘው ወጡ።

«አንድ ተረፈኝ» አሉ። «ሥጋው ነው የጎደለው ወይስ ሰው ነው የበዛው?»

ሻምበል ከአራጁ ዞር አሉ። ቁልፉን አዩ፣ ኮታቸውን አዩ። ዕጣ አይመለስም የሚለውን ደንብ ያወጡት ራሳቸው ናቸው፤ ባለፈው ዓመት ጎድኑ ያነሰበት ሰው እንደገና ይጣል ቢል በዚሁ ሸራ ላይ ሕግ አስተምረውታል። አሁን ከመሥራች እስከ ባልቴት ሁሉም ሥጋ አለው፤ በፋሲካ ማለዳ ባዶ ፌስታል ይዘው የቆሙት ሰብሳቢው ናቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ለአፍታ ጮቤ ረገጥኩ። ወዲያው ግን የሻምበል ሚስት ደረጃው ላይ ትሪ ይዛ ስትወርድ አየኋትና ደስታዬ ተነነ።

መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው የልጄ አባት ነው። ጎንበስ አለና ከራሱ መደብ አንድ ጎድን አንሥቶ ሻምበል እግር ሥር አስቀመጠ። እኔ ከዳቢቱ ቆርጬ ጨመርኩ። ሲስተር ጨመረች፣ መምህሩ በጥፋተኛ ሰው ልግስና አብዝቶ ጨመረ። ቡና ተፈልቶ እስኪወርድ በማይሞላ ጊዜ አሥራ አንደኛው መደብ ተሠራ፤ ከሁላችንም የሚበልጠው እሱ ሆነ። ከመስከረም ጀምሮ ለአሥራ አንድ አይካፈልም ሲባል የነበረው በሬ ተካፈለ፤ እግሩም አራት እንደሆነ ነው። ሻምበል ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እንግዲህ ቅርጫው ከዛሬ ጀምሮ አሥራ አንድ ቤት ነው» አሉ፣ ከመጀመሪያውም የእሳቸው ሐሳብ የነበረ ይመስል። ማንም አልተከራከራቸውም።

አሸነፍኩ ማለት ነው። መደቤን በፌስታል ስሰበስብ እሱም ሁለት መደብ አለፍ ብሎ የራሱን ይሰበስባል። የሚገፋልኝ ዳቢት የለም፣ የምመልስለት ሽንጥ የለም። ማንም ቆሞ አያየንም። ጨርሶ ፌስታሉን አንጠለጠለና መጥቶ «እንኳን አደረሰሽ» አለኝ። «እንኳን አብሮ አደረሰን» አልኩት። ትንሽ ቆመ። ከዚያ ወደ ራሱ ብሎክ ሄደ፣ እኔም ደረጃዬን ወጣሁ።

ልጄ ወጥ ቤት ገብታ ልታግዘኝ ተቀመጠች። ሥጋውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግፌ መለየት ጀመርኩ። አስቤበት አልነበረም፣ እጄ ነው የሚሠራው፤ አንዱን ወደዚህ ትሪ፣ አንዱን ወደዚያ ሳህን። ፌስታሉ ሲያልቅ ልጄ ሳህኑን በጣቷ ነካ አደረገችና «ይሄስ ለምንድን ነው ለብቻው?» አለችኝ። አየሁት። ጨጓራው በሙሉ፣ ቅልጥሙ፣ የጉበቱ ግማሽ።

«ለምንም አይደለም» አልኳት። «ሁሉም የኛ ነው።»

ልጄ ሳህኑን አንሥታ ትሪው ላይ ገለበጠችውና ፊቴን አየች፣ አየችና ደግሞ በፍጥነት ወደ መስኮቱ ዞረች። አለቀስኩ። በጳጉሜ ፍርድ ቤት አላለቀስኩም፣ ሶፋው ሲላቀቅም አላለቀስኩም። የጥብሱ ሽንኩርት ገና አልተላጠም ነበርና የማሳብብበት ነገር አልነበረኝም።